ሲቪላይዜሽን 7፦ ሥልጣኔ መቀያየሩ ጨዋታውን ያበላሸዋል?

ሲቪላይዜሽን የተባለውን፣ ሕዝብ እየመሩ በየተራ የሚጫወቱትን የቪዲዮ ጨዋታ 6ኛ ክፍል ለዓመታት ተጫውተህ፣ 7ኛው ላይ መሀል መንገድ ሥልጣኔ (የምትመራው ሕዝብ) መቀየሩ ጨዋታውን ያበላሸው ይሆን ብለህ ጠይቀሃል። ስጋትህ በደንብ ይገባኛል።

በ2025 የወጣው ሲቪላይዜሽን 7 ጨዋታውን በ3 ዘመናት ይከፍለዋል፦ ጥንታዊ፣ የአሰሳ እና ዘመናዊ። ዘመን ሲያልቅ መሪህ አብሮህ ይቀጥላል፤ ጨዋታው ሲወጣ በነበረው አሠራር ግን ሥልጣኔህን ትቀይራለህ። በሮም ጀምረህ ሌላ ሆነህ ትጨርሳለህ ማለት ነው። እኔንም የሚከነክነኝ ይሄው ነው። አንድን ሕዝብ ይዞ ከመጀመሪያዋ መንደር እስከ ጠፈር መድረስ ለእኔ የጨዋታው ነፍስ ነበር። በዚያ ላይ ዘመኑ ሲዘጋ ያልጨረስከው ጦርነት ይቆማል። ከበባ ላይ ላለ ሰው ያንገበግባል!

ግን የ6ኛውን ማብቂያ አስታውስ። ማሸነፍህን ቀድመህ አውቀኸው፣ ለሰዓታት ተራ እያሳለፍክ ትቀመጣለህ። ዘመናቱ የመጡት ይህን ሊፈቱ ነው፤ ተፎካካሪዎችህ እንደገና ይጠጉሃል፣ አንተም እንደገና ታስባለህ። የጦር አዛዦቹን ደግሞ በጣም ወድጃቸዋለሁ። ብዙ ጭፍራ ጠቅልለው በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። መሬት የሚያለሙት ሠራተኞችም ቀርተዋል፤ ከተማዋ ስታድግ የሚለማውን መሬት ራስህ ትመርጣለህ።

በ2010 5ኛው ሲወጣም በአንድ ቦታ አንድ ጦር ብቻ መባሉ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር። ያኔ እኔም ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ያለዚያ መጫወት አልችልም።

የምትወደው የአንድ ሕዝብ ታሪክ ከሆነ 6ኛው ላይ ቆይ። ማብቂያው የሚሰለችህ ከሆነ ግን 7ኛውን ሞክረው፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን የዘመን ሽግግር እስክታልፍ አትተወው።