ሐረር ውስጥ ሆን ብለህ ጥፋ

"ጉዞ ላይ የማላውቀው ሰው ፈጣሪን ሊያስታውሰኝ ይችላል ወይ?" ላልከው፣ እንዴታ! በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ግባ። 82 መስጊድና ከ100 በላይ የወልዮች (የሙስሊም ቅዱሳን) መካነ መቃብር እንዳለ አስጎብኚ ይነግርሃል። አንተ ግን ጠባቡን መንገድ ይዘህ ሆን ብለህ ጥፋ። አንዷ እናት "አቦ፣ የት ነው?" ብላ፣ ሃይማኖትህን ሳትጠይቅ መንገዱን አሳይታህ፣ "አላህ ያድርስህ" ትልሃለች፣ አንተም ማተብ አንገትህ ላይ እያለ "አሜን" ትላለህ። የማያውቁትን ሰው እንዲህ ከልብ መመረቅ፣ እኔን ከብዙ ስብከት በላይ ፈጣሪን ያስታውሰኛል (ሰባኪዎች አይቀየሙኝ)። በድሬዳዋ በኩል ከሆንክና ታኅሣሥ 19 ከገጠመልህ ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ውጣ። ስለት ይዞ ከጎንህ የተቀመጠውን ሰው አዳምጠው፣ ራሱ ያወራሃል። ስልክህን ብቻ ኪስህ ክተት።