ሎሚና ሶዳ ብብቴን አቃጠለኝ፤ ልታገስ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ኬሚካል ያለበት ነገር ሰውነቴን አይነካም ብዬ ከወሰንኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በዲዮዶራንት ፋንታ ሎሚ እቀባለሁ፤ አንዳንዴም ቤኪንግ ሶዳ እነሰንስበታለሁ። የጥርስ ሳሙና ትቼ በመፋቂያ ብቻ ነው የምፍቀው። ብልቴንም ሎሚ ጠብ ባደረግኩበት ውኃ እታጠባለሁ። አሁን ብብቴ ያቃጥለኛል፣ ጠቁሯልም። ጓደኛዬ «መርዙ እየወጣ ነው፣ ታገሺ» አለችኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይታገሡ፣ እህቴ። ሎሚውንም ሶዳውንም ዛሬውኑ ያቁሙ። ብብት ውስጥ ተጠራቅሞ የሚወጣ መርዝ የለም። ያንን ሥራ የሚሠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። እንደነገሩኝ ከሆነ ቆዳዎ ተቆጥቷል።

ጤናማ ቆዳ በትንሹ አሲድ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) 5 አካባቢ ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ፣ ሶዳ ደግሞ ከ8 በላይ ነው። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ሲመታ ቆዳው መከላከያውን ያጣል። ተላጭተው ወዲያው ከቀቡት ደግሞ ይብሳል። እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ቁጣው ከበረደ በኋላም ጥቁረቱ ይቀራል፤ እስኪለቅ ወራት ሊወስድ ይችላል። አደራ፣ ለማንጣት ብለው ከሱቅ ክሬም እንዳይገዙ። አንዳንዶቹ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) አለባቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ።

«ተፈጥሯዊ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። እንዶድን ያስቡ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ አጥበውበታል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ ተክል ነው። ግኝቱ ብልሃርዚያ የተባለውን የትል በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለመዋጋት መንገድ ከፈተ። ልብስ የሚያጸዳው እንዶድ ዓይን ውስጥ ቢገባ ግን ክፉኛ ያቃጥላል። ሎሚም እንደዚያው ነው፤ ሰላጣ ላይ ሌላ፣ ብብት ላይ ሌላ።

ለሁለት ሳምንት ያህል ሽቶ በሌለበት ለስላሳ ሳሙናና በለብታ ውኃ ብቻ ይታጠቡ። በደንብ ያድርቁ፤ ስስ አድርገው ቫዝሊን ይቀቡ። ሽታው ካሳሰብዎት ይህን ይወቁ፦ ላብ በራሱ እምብዛም አይሸትም። ጠረኑን የሚያመጡት ላቡን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ በየቀኑ መታጠብ፣ የብብት ፀጉርን ማሳጠር፣ የጥጥ ልብስ መልበስና ሸሚዝ መቀየር ብዙ ይረዳል። ቆዳዎ ሲድን ዲዮዶራንት ቢፈልጉ ሽቶ የሌለበትን ይምረጡ። አሉሚኒየም ያለበት የጡት ካንሰር ያመጣል የሚባለውን እስካሁን የተደረጉ ጥናቶች አላረጋገጡም። ባይጠቀሙም የሚቀርብዎት ነገር የለም።

መፋቂያውን አይጣሉት። ወይራውም ክትክታውም ቆሻሻ ያነሳል፤ እኔም እወደዋለሁ። ጥርስን እንዳይቦረቦር የሚያጠነክረው ግን ፍሎራይድ ነው፤ እሱን ከመፋቂያ በበቂ አያገኙም። ብዙ ሰው ፍሎራይድን የሚፈራው ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ሲበልዝ አይቶ ነው። እዚያ ግን ችግሩ ከጉድጓድ ውኃ በየቀኑ የሚጠጡት ብዙ ፍሎራይድ ነው። ተፍቆበት የሚተፋ የጥርስ ሳሙና ሌላ ነገር ነው። ቀን በመፋቂያ፣ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (የፍሎራይድ መጠን መለኪያ) ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይፋቁ።

ብልትዎን በሎሚ መታጠብ ግን ፈጽሞ ይተዉ። ውስጡ ራሱን ያጸዳል፤ እዚያ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጠብቁታል። ሎሚ ስስ ሽፋኑን ያቆስላል፤ የቆሰለ ሽፋን ደግሞ ኤችአይቪን ጨምሮ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ከውጭ በኩል ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ማሳከክ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ መታየት እንጂ መታጠብ አያድንም።

ብብትዎ በሁለት ሳምንት ካልተሻለው የቆዳ ሐኪም ያማክሩ። ውኃ ከቋጠረ፣ መግል ከያዘ ወይም እብጠት ከዳሰሱ ግን ሁለት ሳምንቱን አይጠብቁ። ሲሄዱ የተቀቡትን ሁሉ፣ ሎሚውንም ሶዳውንም፣ ሳያፍሩ ይንገሩ።