ፎርሙን ከማባዛታችሁ በፊት

ልጆች፣ የቴሲስ ሲዝን ደርሷል መሰለኝ ሰሞኑን ኢንቦክሴ "ዶክተር እቺን የዲፕሬሽን ኩዌስችነር እስቲ እዩልኝ" በሚል ሞልቷል። ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው።

አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ሳምፕል ሳይዝ ነው። በፎርሙላው የሚወጣው 384 ላይ ለማይመልሱ ሰዎች ብላችሁ 10 ፐርሰንት ሲጨመር 422፣ አለቀ፣ እሱን ካልኩሌተርም ይሰራዋል። እኔን የሚያሳስበኝ 422ቱ ሰው የት ቁጭ ብሎ፣ ማን እየሰማው ነው የሚመልሰው የሚለው ነው።

እስቲ አስቡት፣ ዳታ ኮሌክተራችሁ ጅማ ሄርማታ ሰፈር አንድ ግቢ ገባ፣ ሴትየዋ በረንዳ ላይ ናት፣ አማቷ እዛው ሰፌድ ይዘው ቡና እየለቀሙ ነው፣ ኮሌክተሩ ታብሌቱን አውጥቶ "ባለፉት 2 ሳምንታት ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሽ ያውቃል?" ሲላት ምን ትበለው? "ኧረ አልሐምዱሊላህ!" ትላለች፣ እሱም 0 (በጭራሽ) ነክቶ ያልፋል። ያ 0 ከዛ በኋላ ዳታ የምትተነትኑበት ሶፍትዌር (ኤስፒኤስኤስ) ገብቶ የእውነት 0 ነው የሚመስለው። ስለዚህ ትሬኒንግ ላይ ስለ ታብሌቱ ከምታወሩት ግማሹን እንኳን ሰውን እንዴት ነጠል አድርጎ እንደሚያናግሩ አውሩበት፣ ካልተመቸ ቀጠሮ ይዞ መመለስም ስራ ነው።

ፒኤችኪው-9፣ የዲፕሬሽን ምልክቶችን የሚጠይቀው ፎርም፣ አጭር ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ 9 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። ግን 3ኛው ስለ እንቅልፍ ነው፣ 5ኛው ስለ ምግብ ፍላጎት። ጅማ ላይ ደግሞ ከምሳ በኋላ የሚቅም ሰው ስንት ነው? ሌሊቱን ያልተኛው ከምርቃናው ነው፣ ከጭንቀቱ ነው ወይስ ከሁለቱም? ዱካክ ላይ ያለ፣ ማለትም ጫቱ ሲቀርበት የሚከብደው ሰው ደግሞ ስሜቱንም እንደዛው ይሞላላችኋል። ረመዳን ላይ ሰው ለሱሁር ይነሳል፣ ሁዳዴ ላይ አበላሉ ይቀየራል። ስለዚህ ጫትን ለብቻው ጠይቁ፣ መቼ እንደቃመም ጨምሩበት፣ ዳታው የተሰበሰበበትን ወርም በግልጽ ጻፉ። ሐሙስ ገበያ ነውና ቤት ለቤት አትውጡ፣ የምታገኙት ገበያ ያልወጣውን ብቻ ነው።

ቋንቋው ላይ አላረዝምም፣ የአፋን ኦሮሞው ቨርዥን አለ፣ ኮሌክተሩ በር ላይ ቆሞ በአፉ እየተረጎመ እንዳይጠይቅ ብቻ። ደሞ ካትኦፉ (ዲፕሬሽን ሊኖር ይችላል የሚባልበት መነሻ ነጥብ) 10 ነው እያላችሁ እንደ ዳዊት አትድገሙት፣ ጅማ አካባቢ ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ተሰርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ቫሊዴሽን (ፎርሙ በትክክል መለካቱን የፈተሸው ጥናት) የወሰደው ካትኦፍ 8 ነው። በዛም ላይ ከካትኦፍ በላይ የሆነ ሁሉ ዲፕሬሽን አለበት ብላችሁ አትጻፉ፣ ስክሪኒንግ እንጂ ዲያግኖሲስ አይደለም።

አሁን 9ኛው ጥያቄ፣ ብሞት ይሻለኛል ማለትና ራስን መጉዳት። ኮሌክተሮች ይፈሩታል፣ ሀሳቡን እኔው አመጣበታለሁ ብለው ሳይጠይቁ 0 የሚሞሉ አሉ። መጠየቁ ሀሳቡን እንደማይጨምር በጥናት የታየ ነው፣ ይሄን ንገሯቸው። ግን "አዎ" ሲባልስ? ኢንተርቪው አቁሞ አብሮ የሚቆየው ማነው፣ ስልክ የሚደወለው ለማን ነው፣ ጅማ ሜዲካል ሴንተር ሳይካትሪ ክሊኒክ ማን ይቀበለዋል፣ የባጃጁ ብር ከየት ይወጣል? እነዚህ ፕሮቶኮሉ ላይ ካልተጻፉ 9ኛውን ጥያቄ ይዛችሁ ሰው ቤት አትግቡ፣ በኔ እምነት ያለዚህ ኤቲክስ ኮሚቴውም ማሳለፍ የለበትም። ኮንሰንቱ ላይም ለህይወትዎ የሚያሰጋ ነገር ከሰማን ለሀኪም እንናገራለን የሚል መስመር ይግባ፣ ሰውየው በኋላ ከድተውኛል እንዳይላችሁ።

ፕሪቴስትን፣ ከዋናው ዳታ በፊት የሚደረገውን ሙከራ፣ ለወግ ከሳምፕሉ 5 ፐርሰንት ላይ ብቻ ሰርታችሁ አትለፉት። ሰቃ ወይም አጋሮ ሄዳችሁ ለጥቂት ሰው ጥያቄውን አንብቡና "እስቲ ምን እንደጠየቅኩዎት በራስዎ አባባል ይንገሩኝ" በሏቸው፣ ክሮንባህ አልፋ (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው ቁጥር) የማያሳያችሁን እዛ ታዩታላችሁ። ኦስሎ-3 (ስለ ማህበራዊ ድጋፍ)፣ ጋድ-7 (ስለ ጭንቀት)፣ ኬስለርን (ስለ አእምሮ ውጥረት) የመሳሰሉ ሌሎች ፎርሞችን ሁሉ ደርድራችሁ 12 ገጽ ያደረጋችሁትም ቀንሱ፣ 6ኛው ገጽ ላይ ሰውየው እንድትሄዱለት ብቻ ነው የሚመልሰው።

እንዲታይላችሁ የምትፈልጉ በዎርድ ላኩ፣ ፒዲኤፍ ላይ ማረም አይመቸኝም፣ የፕሪቴስት ማስታወሻችሁን አብራችሁ አድርጉ፣ ያን ሳላይ ኩዌስችነሩን አልከፍተውም።