የተጠበሰ ቲማቲም ሳልሳ ውሃ ውሃ የሚለውና የሚመረው ለምንድን ነው? (መልስ)

እህቴ፣ ሳልሳሽ ውሃ የሚሆነው ቲማቲሙ በመጠበስ ፈንታ ስለሚቀቀል ነው። ምጣዱ ሳይግል ከገባ ወይም ከተጨናነቀ ውሃውን ይለቅና በራሱ ጭማቂ ይበስላል።

ለ6 መካከለኛ ቲማቲም 2 ቃሪያ፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርትና 3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ ይበቃል። ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣ ሞላላ፣ ሥጋው ወፍራም የሆነ ቲማቲም ካገኘሽ እሱን ያዢ። ብረት ምጣዱ ያለ ዘይት በደንብ ይጋል። የእንጀራ ምጣድሽን ግን አደራ አትንኪው፤ ጭማቂው ይጣበቅበትና እንጀራ አላነሳ ይላል።

ቲማቲሙን ሳትቆርጪ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ደርድሪውና ከ12 እስከ 15 ደቂቃ አገላብጪው፤ ቆዳው ጠቁሮ ይሰነጠቅ፣ ውስጡም ይለስልስ። ነጭ ሽንኩርቱን ቶሎ ቶሎ እያየሽ እንደለሰለሰ አውጪ፤ ምሬቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እሱ ሲያር ነው። የቲማቲሙን ጥቁር ልጣጭ አብዛኛውን አንሺ፣ ጥቂት ግን ተዪ፤ የጭሱ ጣዕም ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱን ልጠሽ፣ ከቃሪያውና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር በሙቀጫ አድቅቂ፤ ከዚያ ቲማቲሙን ጨምረሽ ሻካራ እንደሆነ ተዪው። በብሌንደር ከሆነ 2 ወይም 3 ጊዜ ብቻ ነካ አድርጊው፤ ከበዛ አየር ገብቶበት ሮዝ አረፋ ይሆናል። ሽንኩርቱ ተከትፎ ይግባ። የግማሽ ሎሚ ጭማቂና የድንብላል ቅጠል ሲበርድ ይጨመራል።

ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። የደብረ ብርሃን ብርድ ፍሪጅን አይተካም፤ ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ሳልሳ በጠርሙስ አሽገሽ ውጭ አታስቀምጪ፣ ሊመርዝ ይችላል።