ለጃፓን የብዕር ጓደኛ ምን ይላካል?

ሰሞኑን ጃፓን ላሉ የብዕር ጓደኞች ስለሚላክ የበዓል ስጦታ የጠየቃችሁኝ በርከት ትላላችሁ። ተቀራራቢዎቹን አጣምሬ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኦሳካ የምትኖር የብዕር ጓደኛ አለችኝ። ለገና ትንሽ ነገር ልልክላት አስቤያለሁ። ገናን ያከብራሉ? መቼ ልላክ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ገናን ያውቁታል እንጂ ትልቁ በዓላቸው አይደለም። ክርስቲያኖች ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ዲሴምበር 25ም የሥራ ቀን ነው። ከተማው በመብራት ይደምቃል፤ ነጭ ክሬምና እንጆሪ ያለበት ኬክ ይቆረሳል፤ የተጠበሰ ዶሮ ቀድሞ ታዝዞ ይበላል። ሰው ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት የሚጓዘው ግን ለአዲስ ዓመት ነው። ከ1873 ጀምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጠቀሙ አዲስ ዓመታቸው ጃንዋሪ 1 ላይ ይውላል። ስጦታሽን ለእሱ አድርጊው።

የእኛ ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 ደግሞ እነሱ ሰባት ዓይነት ቅጠል የገባበት የሩዝ ገንፎ የሚበሉበት ቀን ነው። በበዓል ምግብ የከረመ ሆድ እንዲያርፍ ነው ይባላል። አንቺ ስለ ዶሮ ወጡ ጻፊላት፤ እሷም ስለ ገንፎው ትጽፍልሻለች። ተራ ፖስታ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ኅዳር እንደገባ ላኪው።

ጥያቄ፦ ቡና መላክ የተሰለቸ ነገር ነው? ጥሬ ይሻላል ወይስ የተቆላ? በርበሬና ቋንጣስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ቡና ላክ ወንድሜ፣ አይሰለችም። ጃፓኖች ቡና ይወዳሉ፤ የሐረርንና የሲዳማን ቡና "ሞካ" በሚል ስም ሲጠጡት ኖረዋል። ግን የተቆላ ይሁን። ጥሬው የዕፅዋት ምርመራ አለበት፤ የጤና የምስክር ወረቀት ካልተያያዘለት አይገባም። የተቆላው ይህ ጣጣ የለበትም። 200 ግራም ከበቂ በላይ ነው። ጓደኛህ ቤቷ መፍጫ ከሌላት አስፈጭተህ ላክ፤ አስቀድመህ ጠይቃት። አንድ ሲኒ ልትጨምር ብትፈልግ ግን ገልብጠህ ሥሩን እይ፤ ገበያ ላይ ካለው ብዙው ቻይና የተሠራ ነው።

ቋንጣ አይሆንም። የሥጋ ውጤት ትንሽም ቢሆን፣ ለስጦታም ቢሆን፣ ላኪው አገር የሰጠው የምርመራ ወረቀት ከሌለው ጃፓን አይገባም። ያን ወረቀት ደግሞ አንድ ግለሰብ ከቤቱ ተነስቶ አያገኘውም። በርበሬ ከሆነ ከሐበሻ ሱቅ የታሸገውን ግዛ እንጂ እናትህ በፌስታል የቋጠሩልህን አትላክ። ትንሿ እሽግ ትበቃለች። የጃፓን ምግብ ብዙም አያቃጥልምና "ከቁንጥር ጀምሪ" ብለህ ጻፍላት። ሌላም ነገር አለ፤ ከ2021 ወዲህ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በሚላክ ተራ የደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ዕቃ ማስገባት አይቻልም። የጉምሩክ ቅጽ ሞልተህ እንደ ጥቅል ትልከዋለህ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ለቶኪዮ ጓደኛዬ ጥሩ የሐበሻ ቀሚስ ላክሁላት። ከወር በኋላ ትልቅ ካርቶን መጣልኝ፤ ሻይ፣ ብስኩት፣ የሸክላ ሳህን፣ ካልሲ ሁሉ አለበት። አሁን እሱን የሚመጥን ነገር ፍለጋ ላይ ነኝ። ባለቤቴ "ይሄ ነገር ማለቂያ የለውም" ይላል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ባለቤትሽ እውነቱን ነው። ጃፓን ውስጥ ስጦታ የተቀበለ ሰው መልስ መስጠቱ የኖረ ልማድ ነው። ለሠርግና ለመሳሰለው ወግ የተሰጠን ስጦታ ግማሽ በሚያህል ዋጋ መመለስ የተለመደ ነው። በዓመት ሁለቴም፣ በጋቸው ላይና በዲሴምበር፣ ውለታ ለዋሉላቸው ሰዎች ስጦታ ይልካሉ። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር እነሱም ዘንድ ብርቱ ነው። ቀሚሱ ሲደርሳት መደሰቷ አይቀርም፤ "ይህን በምን እመልሳለሁ?" የሚለውም አብሮ መጥቶባታል። ካርቶኑ የዚያ ውጤት ነው።

ስለዚህ አጥብቄ የምለው ይህን ነው፤ ለሩቅ ጓደኛ ውድ ዕቃ አትላኩ፤ ዕዳ ይሆንባታል። ዘንድሮ ቀንሺ። ከሽሮ ሜዳ የጥለት ቁራጭ ግዥ፤ ጫፍና ጫፉን ዘምዝሚው፤ ጥሩ የመጽሐፍ ዕልባት ይወጣዋል። ከፖስታ ካርድ ጋር በአንድ ፖስታ ይገባል፤ ከዚያ ጎን ቀለሙን ማን እንደመረጠው፣ ሸማኔው የት እንዳለ ጻፊላት። እሷ የምታስቀምጠው ያንን ነው። መልስ እንደማትጠብቂም በግልጽ ንገሪያት። ደግሞም እስከ 10,000 የን የሚገመት የግል ስጦታ በአብዛኛው ከቀረጥ ነፃ ነው። ከዚያ ካለፈ ከፋይዋ ተቀባይዋ ልትሆን ትችላለች። ስጦታ ልከንላት ገንዘብ እንድታወጣ ማድረግ አይገባም።

ጥያቄ፦ በእጅ የተሠራ የእንጨት ሚዶና ዕጣን ገዝቻለሁ። ጓደኛዬ አያቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ የማይወደድ ነገር ይኖርበታል? (ከዱባይ)

መልስ፦ ሚዶውን ተይው። ማበጠሪያ በጃፓንኛ ስሙ ስቃይንና ሞትን ስለሚያስታውስ ትልልቅ ሰዎች በስጦታ መልክ አይወዱትም። ነጭ መሐረብና ስለት ያለው ነገርም መለያየት ነው ይባላል። ብዛታቸው 4 ወይም 9 የሆኑ ዕቃዎችን አትላኪ፤ 3 ወይም 5 ይሁኑ። ወጣቶች ለዚህ ብዙም ግድ የላቸውም፤ አያት ላሉበት ቤት ግን መጠንቀቁ ይሻላል።

ዕጣኑን ላኪው። እነሱ ዘንድ የሚጨስ ሽታ ከሟች መታሰቢያ ጋርም ስለሚያያዝ "እኛ ቡና ስናፈላ የምናጨሰው ነው" የሚል ወረቀት ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ አባቷ ማረፋቸውንና የአዲስ ዓመት ሰላምታ እንደማትልክ የሚገልጽ ካርድ ላከችልኝ። ተቀይማኝ ይሆን? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ በፍጹም። ቤቱ ሐዘን የገባበት ሰው የዚያን ዓመት የአዲስ ዓመት ካርድ አይልክም፤ ይህንንም ለወዳጆቹ ቀድሞ ያሳውቃል። ለሁሉም የምትልከው ነው። አንቺም "እንኳን አደረሰሽ" አትበያት። ጃንዋሪ 7 ካለፈ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ ሳይጠባ፣ "በዚህ ብርድ እንዴት ነሽ?" የሚል ካርድ ላኪላት። ጥቂት ቡና ብትጨምሪበት ደህና ነው። ቀይና ወርቃማው መጠቅለያ ይቅር። ስለ አባቷ አንድ ጥያቄ ብትጠይቂያት ደስ ይላታል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ አያት በ1964 አበበ ቢቂላን በመንገድ ዳር ቆመው አይተውታል። ለእሳቸው ምን ልላክ? (ከጎንደር)

መልስ፦ እንዴት ያለ ጓደኛ ነው ያገኘኸው! አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ኦክቶበር 21 ቀን ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አሸነፈ፤ ከገባ በኋላም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። የዚያን ዘመን ጃፓኖች ይህን አይረሱም። የአበበን ፎቶ ግራፍ በካርድ መጠን አሳትምና ከጀርባው ለአያትየው ሦስት ጥያቄ ጻፍ፤ የት ቆመው ነበር፣ ምን ታያቸው፣ ሕዝቡ ምን ይል ነበር? መልሳቸውን ካገኘህ ለእኔም ላክልኝ፤ በጣም እፈልገዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ አድራሻዋን በጃፓንኛ ነው የላከችልኝ። እንዴት ልጻፈው? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ አትጻፈው። አትምና ቆርጠህ ጥቅሉ ላይ ለጥፈው፤ ከሥሩ "ጃፓን" ብለህ በእንግሊዝኛ በትልቁ ጻፍ። ባለ 7 አኃዙ የፖስታ ቁጥር እንዳይቀር። ጥቅሉ ቀጭን ከሆነ የቤቷ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ወፍራም ከሆነና ቤት ካላገኟት ወረቀት ትተው ይሄዳሉ፣ እሷም ሌላ ቀን ታስመጣዋለች። ሽቶ ግን እንዳትጨምር፤ በፖስታ አይላክም።