መልስ፦ ጠባዩ የማይገመት ገጸ ባሕርይ እንዴት ይሳላል?

እህቴ፣ የካርቱን ገጸ ባሕርይሽ ቀጥሎ የሚያደርገው እንዳይታወቅ ስትሞክሪ ዝም ብሎ ያበደ እየመሰለ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። መጀመሪያ የማይለወጥ አንድ ፍላጎት ስጪው። የማይገመተው መንገዱ እንጂ ምኞቱ አይሁን።

እዚህ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በጠዋት ሄደሽ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ተመልከቺ። መላጣ ራሱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ እንደ አገር ሽማግሌ ቆሞ ይቆያል። ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ የሆድ ዕቃውን ሲወረውር ግን ያ ሁሉ ጭምትነት ይጠፋና ክንፉን ዘርግቶ፣ ጎረቤቱን ገፍትሮ ይነጥቃል። የሚፈልገው ሁልጊዜ ምግቡን ነው፤ መቼና እንዴት እንደሚነሣ ግን አታውቂም። እኔ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

መልኩንም ከዚያው ውሰጂ፦ ቀጫጭን እግር፣ ከባድ ምንቃር፣ ከአንገቱ የተንጠለጠለ ከረጢት። ሚዛኑ የተዛባ አካል ሊወድቅ ይሁን ሊነሣ አይታወቅም። ሥዕሉን በሙሉ ጥቁር ቀቢውና ጥላው ብቻ ሲታይ ማንነቱ ካልተለየ እንደገና ሳዪው። በሰከንድ 24 ምስል እያደረግሽ ስታንቀሳቅሺው ደግሞ፣ ከዝላይ በፊት የሚመጡትን የመንደርደሪያ ምስሎች ተመልካቹ ቀድሞ እንዳይገምት ለእሱ ብቻ ቀንሺለት፤ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት እንደ ወትሮው ይንደርደሩ።