ፈቃዱ በማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ እህታችን፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። በአማርኛ የሚያወራ የራሳችን ራዲዮ እንዲኖረን ካሰብን ቆየን። አሁን አንዲት አነስተኛ የኤኤም ጣቢያ ያላቸው ሰውዬ ሊሸጡልን ተስማምተዋል። ሁለታችን ዜግነት ወስደናል፤ ሦስታችን ገና ግሪን ካርድ ላይ ነን። ከገንዘቡ ግማሹን የሚያወጣልን ዱባይ ያለ ዘመዳችን ነው። ሰውዬው ግን «የወረቀቱ ነገር ጊዜ ይፈጃል። ፈቃዱ ለጊዜው በኔ ስም ይቆይ፣ እናንተ ግቡና ሥሩ፣ በየወሩ ትከፍሉኛላችሁ» ይሉናል። ምን ይመክሩናል?
መ. እና ጓደኞቹ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ደብዳቤያችሁን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሲደገም ደነገጥኩ። ቀብድ ካልከፈላችሁ፣ እባካችሁ አትክፈሉ። ከከፈላችሁም ሁለተኛውን አትጨምሩ።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ። እኔ እዚሁ አካባቢ ባለ የኤኤም ጣቢያ ለብዙ ዓመት እሁድ እሁድ የአየር ሰዓት ተከራይቼ ሠርቻለሁ። ሰዓቱ ሲሞላ ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ጀርባ ጣቱን ያነሳል። እኔም አማርኛዬን ገታ አድርጌ በእንግሊዝኛ የጣቢያውን መለያ ፊደላትና የከተማውን ስም እናገራለሁ። ሕጉ በየሰዓቱ ይህ እንዲነገር ያዛል። እነዚያን ፊደላት ስንት ጊዜ እንደጠራኋቸው እንጃ። የኔ ይመስሉኝ ነበር። አንድ ወር ግን የኪራይ ደረሰኙ በማላውቀው ድርጅት ስም መጣ። ጣቢያው ተሽጧል። አዲሶቹ ባለቤቶች የእሁዱን ሰዓት ለሌላ ሰጡት፤ እኛ የሁለት ሳምንት ጊዜ ብቻ ተሰጠን። ከቀድሞው ባለቤት ጋር ውላችን የቃል ነበር። ስለ ሽያጩ ማስታወቂያ በአየር ላይ ተነግሮ ነበር አሉኝ። እኛ የምንገባው በእሁዷ አንድ ሰዓት ብቻ ስለነበር አልሰማነውም። አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ ራዲዮኔ ተበላሸ መሰለኝ፣ ድምፅሽ ጠፋ» ያሉኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን ወደናንተ ጉዳይ። አሜሪካ ውስጥ የራዲዮ ሞገድ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን፣ ሁላችንም ኤፍሲሲ የምንለው፣ ለ8 ዓመት የመጠቀም ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ ይታደሳል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ያሉ የራዲዮ ጣቢያዎች ፈቃድ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2027 ነው። የእድሳት ማመልከቻው ደግሞ ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ ይገባል። ስለዚህ ሰውዬውን መጀመሪያ የምትጠይቁት እድሳቱን ማን እንደሚያመለክትና ወጪውን ማን እንደሚችል ይሁን።

የውጭ ዜጋን በተመለከተ ሕጉ ከ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። ፈቃዱን በቀጥታ በያዘው ድርጅት ውስጥ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች ከ20 በመቶ በላይ ድርሻም ሆነ ድምፅ ሊኖራቸው አይችልም። ከላዩ ሌላ እናት ድርጅት ካለ እዚያ ያለው ገደብ 25 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዚህ ሕግ የውጭ ዜጋ ነው። ግብር መክፈሉ፣ ሃያ ዓመት መኖሩ አይቆጠርለትም። አምስታችሁ እኩል ብትካፈሉ ሦስታችሁ ብቻ 60 በመቶ ትይዛላችሁ። ዱባይ ያለው ዘመዳችሁ ሲጨመርበት ጭራሽ አይሆንም። እሱ ግን የአሜሪካ ፓስፖርት ካለው ሌላ ነገር ነው። ሕጉ የሚያየው ዜግነትን እንጂ ሰውዬው የሚኖርበትን አገር አይደለም። ገንዘቡን በድርሻ ሳይሆን በብድር ቢሰጣችሁ መንገዱ ይለያል፤ ግን የብድር ውሉ እሱን አዛዥ እንዳያደርገው ጠበቃ ይየው።

ይህ ሕግ በድሃ ስደተኛ ላይ ብቻ የወጣ እንዳይመስላችሁ። የሚዲያ ከበርቴው ሩፐርት መርዶክ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ለመያዝ ሲል እ.ኤ.አ. በ1985 የአውስትራሊያ ዜግነቱን ትቶ አሜሪካዊ ሆኗል። በሌላ በኩል በሩ ጥርቅም ብሎ የተዘጋም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤፍሲሲ ለአንድ የአውስትራሊያ ባልና ሚስት በአላስካ፣ በአርካንሶና በቴክሳስ ያሉ ጣቢያዎችን መቶ በመቶ እንዲይዙ ፈቅዷል። ግን ይህ አቤቱታ፣ የጸጥታ መሥሪያ ቤቶች ምርመራና የጠበቃ ገንዘብ ያለበት ረጅም መንገድ ነው። ለናንተ የሚቀለው ዜጋ የሆናችሁት ሁለታችሁ ቢያንስ 80 በመቶውን ይዛችሁ፣ ሦስቱ 20ውን ተካፍለው መጀመር ነው። ዜግነታቸውን ሲያገኙ ድርሻው ይስተካከላል።

«ለጊዜው በኔ ስም ይቆይ» ወዳሉት ልምጣ። የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው። የአየር ሰዓት ማከራየት ክልክል አይደለም፤ እኔም ተከራይቻለሁ። ነገር ግን ባለፈቃዱ ሦስት ነገር ከእጁ መውጣት የለበትም፦ ፕሮግራሙ፣ ሠራተኛውና ገንዘቡ። ጣቢያውን ሙሉ በሙሉ እናንተ እየመራችሁት፣ ሰውዬው በየወሩ ቼክ እየተቀበሉ ቤታቸው ከተቀመጡ፣ ኤፍሲሲ ይህን ያለፈቃድ የተደረገ ርክክብ ይለዋል። ቅጣቱ እሳቸውን ይነካል፤ እናንተም ነገ ፈቃድ ስትጠይቁ ስማችሁ ላይ ጥቁር ነጥብ ይኖራል። በዚህ ሁሉ መሀል እጃችሁ ላይ አንድም ወረቀት የለም። ሰውዬው ቢሞቱ ጣቢያው ለወራሽ፣ ቢከስሩ ለአበዳሪ ይሄዳል። ሽያጭ ከሆነ ሽያጭ ይሁን፤ ማመልከቻው ለኤፍሲሲ ይግባ፣ ለሕዝብ ይፋ ይሁን፣ ተቃዋሚ ካለ የሚቀርብበት 30 ቀን ይለፍ፣ ሲፈቀድ ክፍያው ይፈጸም። እስከዚያ ገንዘባችሁ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጥ። ሰውዬው ቅን ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ የኔም አከራይ ቅን ሰው ነበር።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ነገር አለ። ኤፍሲሲ የእያንዳንዱን ጣቢያ የሕዝብ ፋይል፣ ማለትም ማንም ሰው ሊያየው የሚችለውን ሰነድ፣ በኢንተርኔት አስቀምጧል። የጣቢያውን መለያ ፊደላት አስገቡና ክፈቱት። የባለቤትነት ሪፖርቱን ታገኛላችሁ፤ ድርሻው የማን እንደሆነ በስም ተጽፏል። ሊሸጡላችሁ የመጡት ሰው ስማቸው እዚያ ላይ ከሌለ ስብሰባው እዚያው ያብቃ።

በዚያው ጣቢያው ማታ ምን ያህል ኃይል እንደተፈቀደለት እዩ። የኤኤም ሞገድ ፀሐይ ስትጠልቅ ከላይኛው አየር እየነጠረ ሩቅ ስለሚሄድ የሌላ ከተማ ጣቢያ ይረብሻል። ስለዚህ ብዙ ትናንሽ ጣቢያዎች ሲመሽ ኃይላቸውን እንዲቀንሱ ወይም እንዲዘጉ ይገደዳሉ። በዲሴምበር እዚህ አገር ፀሐይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። የኛ ሰው ደግሞ ከሥራ ሲወጣ፣ ታክሲው ውስጥ ሲቀመጥ ነው የሚሰማችሁ። በዚያ ሰዓት ዝም የምትል ጣቢያ ልትገዙ ትችላላችሁ።

መሬቱንም አትርሱ። አንቴናዎቹ የቆሙበት ቦታ አብሮ ነው የሚሸጠው ወይስ ኪራይ ነው? እዚሁ ሜሪላንድ፣ በቤተዝዳ የነበሩት የደብሊውኤምኤኤል ራዲዮ ጣቢያ አራት ማማዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ፈርሰዋል፤ ሜዳው ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ተሸጦ ነበር። ከራዲዮው ይልቅ መሬቱ የከበደበት ቦታ ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። እንዲሳካላችሁ ከልቤ እፈልጋለሁ። እስከ 1996 (እ.ኤ.አ.) ድረስ አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ከ40 በላይ የራዲዮ ጣቢያ መያዝ አይችልም ነበር። በዚያ ዓመት ገደቡ ሲነሳ ክሊር ቻነል የሚባለው ኩባንያ ብቻውን ከ1,200 በላይ ሰበሰበ። የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ ባለቤት ከዚያ ወዲህ እያነሰ መጣ። የናንተ ዓይነት አምስት ሰዎች አንዲት ጣቢያ ቢይዙ፣ ለእነዚያ እናት ድምፁ አይጠፋባቸውም ነበር።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ራዲዮ ባሰራጭ ፈቃድ ያስፈልገኛል? ጓደኛዬ ደግሞ ትንሽ የኤፍኤም ማሰራጫ ገዝቶ እንሞክራት ይለኛል።
ሰ.፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ለኢንተርኔቱ የኤፍሲሲ ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ ለዘፈኖቹ የባለመብቶቹን ክፍያ ግን ትከፍያለሽ። የጓደኛሽን ማሰራጫ ግን እንዳትነኪያት። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ ያለፈቃድ በኤፍኤም የሚያሰራጭ ሰው እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ኤፍኤም ከወደድሽ እድራችሁን ወይም ማኅበራችሁን አነጋግሪ። ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ብቻ የሚሰጥ፣ 100 ዋት የሆነ፣ 5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ፈቃድ አለ። ማስታወቂያ መሸጥ ግን አይቻልበትም። ማመልከቻ የሚቀበሉት በሚከፍቱበት ጊዜ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ከፍተው ነበር። እስኪከፈት የማኅበሩን ምዝገባ ጨርሳችሁ ጠብቁ።